የቱ ሮቤ?

አንድ ወዳጄ እዚህ አሰላ ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ በጸሐፊነት ከተቀጠረ ገና ዓመት አልሞላውም። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አላነሣም፤ እንጀራው ነውና። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አለቃው ከስብሰባ ወጥተው በኮሪደሩ ሲያልፉ «ያችን የዝውውር ደብዳቤ ዛሬውኑ ወደ ሮቤ ላካት» ብለው አዘዙት። ወዳጄም ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እሺ ጌታዬ» አለ፤ ደብዳቤዋንም አሽጎ በዚያው ቀን ላከ። አለቃው ያሰቡት የእኛን የአርሲውን ሮቤ ነበር። ደብዳቤዋ ግን በቆጂንና ዶዶላን፣ አዳባንና ዲንሾን አቋርጣ ባሌ ሮቤ ገባች። ዞራ እስክትመለስ ድረስ ዝውውሩን በጉጉት ትጠብቅ የነበረችው ነርስ ቦታው በሌላ ሰው ተያዘባት።

ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሲያጫውተኝ «እንዴት አልጠየቅህም? ሁለት ሮቤ መኖሩን የአውቶቡስ ረዳት እንኳ ያውቀዋል» አልሁት። «የሚጠየቅ ነገር መኖሩ መቼ ታየኝ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ወዳጄ ጎባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። «ሮቤ» የሚለው ቃል ጆሮው ሲገባ ልቡ የባሌውን ሮቤ ሥሎ ጨርሶ ነበር። ያልሰማ ሰው «ምን አሉኝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሰማ የመሰለው ሰው ግን «እሺ» ብሎ ይሄዳል።

ነገሩን እንደሰማሁ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ የነርሷን ጉዳይ የነገረኝ ኋላ ነውና። ከሣቄ በኋላ ትዝ ያለኝ ደግሞ መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. በዛምቢያ አገር የሆነው ነው። በዚያ እሑድ ቀን አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አይሮፕላን፣ ቦይንግ 737 የሚባለው ዓይነት፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ንዶላ ከተማ ይበር ነበር። ንዶላ ሲደርስ አብራሪው ወደታች ተመለከተ፤ መንደርደሪያው ተዘርግቶ ታየው። አረፈ። ጎማው መሬት ነካ፤ ፍሬኑም ያዘ፤ ሁሉም ነገር በደንብ ሆነ። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ያረፈበት ማረፊያ ገና ተሠርቶ ያላለቀ፣ ለሥራም ያልተከፈተ አዲስ ጣቢያ ነበር። ሊያርፍበት የሚገባው አሮጌው ጣቢያ ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አዲሱ ጣቢያ በይፋ የተከፈተው ከአራት ወር በኋላ ነው።

የዛምቢያ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ቋሚ ጸሐፊ ነገሩን በጊዜው ለጋዜጠኞች ሲያስረዱ፣ አብራሪው ሊያርፍ ሲል በራዲዮ እየተነጋገረ እንደነበረ፣ ከታች ያሉትም «ልናይህ አልቻልንም» እንዳሉት፣ እርሱም በዓይኑ ተመርቶ እንዳረፈ ተናግረዋል። ይህን ቃል ደጋግሜ አስቤዋለሁ። እነሱ አላዩትም፤ እውነት ነው። እሱ መንደርደሪያ አይቷል፤ ይህም እውነት ነው። የዋሸ የለም፤ ያልሰማም የለም። የሁለቱ ንግግር በአንድ ሞገድ ላይ ተገናኝቶ ሳለ የሚነጋገሩበት ነገር ግን 15 ኪሎ ሜትር ተራርቆ ነበር። በዚያው ዕለት ሌላ የመንገደኞች አይሮፕላንም ወደዚያው ወዳላለቀው ማረፊያ ዝቅ ካለ በኋላ ሳያርፍ ሽቅብ መመለሱ ተዘግቧል። ሁለት ሰው በአንድ ቀን ሲሳሳት ጥፋቱን በሰውየው ዓይን ብቻ ማሳበብ ያስቸግራል። አየር መንገዱም ባወጣው መግለጫ፣ አዲሱ ጣቢያ ለአሮጌው ቅርብ እንደሆነ፣ የሁለቱም መንደርደሪያዎች አቅጣጫ እንደሚመሳሰል፣ ስለ አዲሱም ግንባታ ለአብራሪዎች በኖታም የተሰጠ ማስጠንቀቂያ እንዳልነበረ ገልጿል። ኖታም ማለት ለአብራሪዎች የሚበተን ማስታወቂያ ነው፤ እገሌ በሚባለው ጣቢያ መብራት ጠፍቷል፣ እገሌ ዘንድ መንደርደሪያው ይታደሳል፣ እያለ የሚያሳውቅ። በእኛ ቋንቋ «ሮቤ ሁለት ነውና ተጠንቀቅ» እንደማለት ነው። ምስጋና ለፈጣሪ፣ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።

ንዶላ ይህን የመሰለ ነገር ሲያጋጥማት የመጀመሪያዋ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ዳግ ሐማርሾልድ የሞቱት በ1954 ዓ.ም. መስከረም 8 ቀን ሌሊት ከዚህችው ከተማ አጠገብ ነው። አይሮፕላናቸው ከማማው ጋር ተነጋግሮ የከተማዋን መብራት ማየቱን ካስታወቀ በኋላ ድምፁ ጠፋ፤ ጫካ ውስጥም ወድቆ ተገኘ። በውስጡ ከነበሩት 16 ሰዎች የተረፈ የለም። ማማው የተነጋገረው ቃል በቴፕ ስላልተቀዳ፣ ምን ተባለ ምን አልተባለ የሚለው ክርክር ስድሳ ዓመት አልፎትም አልተቋጨም። እንግዲህ የተነገረ ቃል ካልተያዘ እንዲህ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ነገሩ አሠራር እንግባ። ከሳጉሬ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው፣ እረኞች ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ሲጣሩ ሳይሰማ አይቀርም። የሚጠራው ልጅ መልእክቱን ወዲያው አይለቅም። መጀመሪያ የጓደኛውን ስም አስረዝሞ ይጠራል፤ ከማዶ መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ መልስ ሲያገኝ «ያቺ ቀይ ላም ገብስ ውስጥ ገባች!» ይላል። ያኛውም «ቀይዋ?» ብሎ ይመልሳል። የአይሮፕላን ራዲዮ ሥርዓት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ተቆጣጣሪው የጠሪውን ስም ያስቀድማል፤ የእኛ አየር መንገድ አይሮፕላኖች የጥሪ ስም «ኢትዮጵያን» ነው፤ ከዚያ የበረራው ቁጥር ይከተላል። ከዚያም ትእዛዙ ይመጣል። አብራሪው ትእዛዙን ቃል በቃል መልሶ ይናገራል፤ ተቆጣጣሪውም መልሱን ያዳምጣል፤ ስሕተት ካለ ያርማል። እናት ልጇን ሱቅ ስትልክ «ምን ልትገዛ ነው? እስቲ በል ንገረኝ» የምትለው ይህንኑ ነው። ልጁም «ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ግማሽ ሊትር ዘይት» ብሎ ካልመለሰ ከደጅ አይወጣም። የአቪዬሽን ሊቃውንት ሰው ከሞተ በኋላ የተማሩትን እናቶቻችን ዘይት እንዳይደፋ ብለው ያውቁት ነበር።

በዚህ ላይ ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው መናገር የሚችለው። ቁልፉን የተጫነ ይናገራል፤ ሌላው ይሰማል። ሁለቱ አንድ ላይ ከተጫኑ የሚሰማው ፉጨት ነው። ሁለተኛ፣ አይሮፕላኖች አዘውትረው የሚነጋገሩበት ሞገድ እንደ ፀሐይ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። እንደ ጭላሎ ከ4000 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ባለበት አገር ዝቅ ብሎ ለሚበር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከፍ ብሎ የሚበረው ጄት ግን ከሩቅ ይሰማል።

ፉጨቱ ምን እንደሚያደርስ ዓለም ያወቀው መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ቴኔሪፍ በምትባለው የእስፓኝ ደሴት ላይ ሁለት ትላልቅ ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች፣ አንዱ የሆላንድ፣ አንዱ የአሜሪካ፣ በአንድ መንደርደሪያ ላይ ነበሩ። ሁለቱም የሚሄዱበት ጎረቤት ደሴት ጣቢያ ቦምብ ስለፈነዳበት ነው ወደዚህ ትንሽ ጣቢያ የተላኩት። ጉም ወርዶ ማማው አይሮፕላኖቹን አያይም፤ አይሮፕላኖቹም እርስ በርሳቸው አይተያዩም። በጉም ቀን ከኢተያ ወደ አሰላ የመጣ ሰው ይህን ለመረዳት አያዳግተውም። ሁሉም የሚተማመኑት በጆሮ ብቻ ነበር።

የሆላንዱ ዋና አብራሪ ተራ ሰው አልነበረም፤ በመሥሪያ ቤቱ የዚያ አይሮፕላን አብራሪዎች ዋና አሠልጣኝ ነው። መጀመሪያ ሞተሩን ከፍ ሲያደርግ ረዳቱ «ገና ፈቃድ አልተሰጠንም» ብሎ አስቆመው፤ እርሱም «አውቃለሁ፤ ጠይቅ» አለው። ረዳቱ ጠየቀ። ማማው የመለሰው ከተነሡ በኋላ ስለሚከተሉት መንገድ እንጂ ስለ መነሣቱ አልነበረም፤ ነገር ግን በመልሱ ውስጥ «መነሣት» የሚል ቃል ነበረበት። ረዳቱ ትእዛዙን መልሶ ሲናገር አለቃው መንደርደር ጀምሮ ነበርና፣ በመጨረሻው ላይ «አሁን መነሣት ላይ ነን» የሚል ሐረግ ጨመረ። አንባቢዬ፣ እስቲ ይህን ሐረግ በአማርኛችን መርምረው። «መነሣት ላይ ነን» ማለት ለመነሣት ተዘጋጅተን ቆመናል ማለት ነው ወይስ እየተንደረደርን ነው? በእኛም ቋንቋ ሁለቱንም ይሆናል። ተቆጣጣሪው የመጀመሪያውን ተረዳ። «ኦኬ» አለ፤ ትንሽ ዝም ብሎም «ለመነሣት ቆዩ፤ እጠራችኋለሁ» ብሎ ጨመረ። በዚያችው ቅጽበት የአሜሪካው አይሮፕላን «እኛ ገና በመንደርደሪያው ላይ ነን» ለማለት ቁልፉን ተጫነ። ሁለቱ ድምፆች ተጋጩ። በሆላንዱ አይሮፕላን ውስጥ ጥርት ብላ የተሰማችው ያቺ «ኦኬ» ብቻ ነበረች፤ ቀሪው ፉጨት ሆነ።

ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ግን ጥርጣሬ ገባው። የአሜሪካው አይሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣም እንዴ፣ ብሎ ጠየቀ። ዋናው አብራሪ ያለ ማመንታት ወጥቷል አለው። መሐንዲሱም ዝም አለ። ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ 583 ሰዎች ሞቱ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያመኝ የመሐንዲሱ ጥያቄ ነው። ረዳቱ አንድ ጊዜ አስቁሟል፤ አለቃን ሁለት ጊዜ ማስቆም ከበደው። መሐንዲሱ አንድ ጊዜ ጠይቋል፤ ሁለተኛ መጠየቅ ከበደው። አገሩ ሆላንድ ነው፤ ሰዎቹም ግልጽ ተናጋሪዎች ናቸው ይባላል። እንግዲህ እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዪቱስ ጥያቄ ትጠየቅ ነበር?

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ተጠናከረ። «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል ፈቃዱ ሲሰጥና ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር ከማንም አፍ እንዳይወጣ፣ በሌላ ጊዜ «ዲፓርቸር» እንዲባል ተደረገ። ዋና ዋና ትእዛዞችንም በ«ኦኬ» ወይም በ«ሮጀር» መመለስ እንደማይበቃ፣ ሙሉ ቃሉን መድገም ግዴታ እንደሆነ ተጠናከረ። በሌላ አነጋገር በሰማይ ላይ ባዶ «እሺ» ተከለከለ።

ቁጥር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የካቲት 12 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ የጭነት አይሮፕላን ወደ ማሌዢያ ዋና ከተማ ወደ ኳላ ላምፑር ሲቃረብ ተቆጣጣሪው ወደ 2400 ጫማ እንዲወርድ አዘዘው፤ አሃዞቹን አንድ በአንድ «ቱ ፎር ዚሮ ዚሮ» እያለ። በእንግሊዝኛ «ቱ» ሁለትም ነው፣ «ወደ»ም ነው። አብራሪው «ወደ አራት ዜሮ ዜሮ» ሲል ሰማ። «ኦኬ፣ ፎር ዚሮ ዚሮ» ብሎም መለሰ። ተቆጣጣሪው መልሱን አላረመም። አይሮፕላኑ ከ2400 ይልቅ ወደ 400 ጫማ ወረደ፤ ኮረብታም መታ። አራቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። እዚህ ላይ አብራሪው ትእዛዙን ደግሟል፤ የተጓደለው የተቆጣጣሪው ጆሮ ነው። ድግምቱን የማያዳምጥ ካለ ድግምት ብቻውን ምን ይሠራል?

የእኛ አማርኛ ከዚህ ንጹሕ ነው ብሎ የሚኮራ ካለ በክፍሌ ያደረግሁትን ፈተና ላጫውተው። ዘጠኝ ተማሪዎች በአንድ ረድፍ አስቀምጬ ለመጀመሪያው በጆሮው «ከፍታህን በሁለት ሺህ ቀንስ» አልሁት፤ እየተቀባበሉ እንዲያደርሱም አዘዝሁ። ዘጠነኛዋ ልጅ ተነሥታ «ከፍታህን ወደ ሁለት ሺህ ቀንስ» አለች። «በ» «ወደ» ሆነች! አምስት ሺህ ጫማ ላይ ለሚበር ሰው አንደኛው ሦስት ሺህ ላይ ያደርሰዋል፤ ሁለተኛው ግን ሁለት ሺህ ላይ፤ በመካከል ኮረብታ ካለ እንግዲያውስ ተሰናበቱ። በኦሮምኛም ብንሞክረው «ሰዲ» ሦስት ነው፣ «ሰዴት» ስምንት ነው፤ የመጨረሻዋን ድምፅ ነፋስ ቢወስዳት አምስት ቁጥር ይጠፋል። አብራሪዎች በእንግሊዝኛ ዘጠኝን «ናይነር»፣ ሦስትን «ትሪ» እያሉ የሚያጣምሙት ለዚህ ነው እንጂ ቋንቋ አላወቁም ተብሎ የሚሳቅባቸው አይደሉም። ከፈተናው ሁሉ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያልገባው ሰው «ድገምልኝ» እንዲል አስቀድሜ ፈቅጄ ነበር። ከዘጠኙ አንድም የጠየቀ የለም።

ሰዓታችንም ቢሆን ሌላ ወጥመድ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት የሚነሣ አይሮፕላን፣ በቲኬቱ ላይ 9 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል፤ በራዲዮና በበረራ መዝገብ ላይ ደግሞ 6 ሰዓት ነው፤ በዓለም ላይ ያሉ አብራሪዎች ሁሉ «ዙሉ» በሚሉት በአንድ የጋራ ሰዓት ይሠራሉና። ኢትዮጵያዊው አብራሪ ቤቱ በአንዱ ሰዓት ቁርስ በልቶ፣ በሁለተኛው መንገደኛ አሳፍሮ፣ በሦስተኛው ይበራል። ሦስቱን ሳያደባልቅ መኖሩ ሊደነቅለት ይገባል እላለሁ። እኔ ሁለቱን ብቻ ይዤ አውቶቡስ አምልጦኛል።

አሁን ደግሞ ስለ ይሉኝታ ጥቂት ልበል። ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. የኮሎምቢያ አየር መንገድ ንብረት የሆነ ቦይንግ 707 አይሮፕላን 158 ሰዎች ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ፣ አየሩ ስለተበላሸና አይሮፕላን ስለበዛ እየተሽከረከረ እንዲጠብቅ ታዘዘ። ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ፣ ጠበቀ። ነዳጁ እየተመናመነ ሄደ። ረዳት አብራሪው በራዲዮ «ቅድሚያ እንፈልጋለን» አለ። «አደጋ ላይ ነን» የሚለውን፣ ሁሉን መንገድ የሚያስለቅቀውን ቃል ግን አልተናገረም። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ሳይሳካ ቀርቶ እንደገና ሲዞሩ፣ ረዳቱ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን በሌላ ንግግር ጭራ ላይ ቀጥሎ ተናገረ። ተቆጣጣሪው ሩቅ ሊያዞራቸው እንደሆነ ነግሮ፣ ይህ ለነዳጃችሁ ይስማማል ወይ ሲለው፣ «ይመስለኛል፤ በጣም አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰ። ዋናው አብራሪ በስፓኒሽ ነገርካቸው ወይ እያለ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ነግሬአቸዋለሁ ይላል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። 73 ሰዎች ሞቱ። እሳት እንኳ አልተነሣም፤ የሚነድ ነዳጅ አልነበረምና።

ይህን ታሪክ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። እንግድነት ሄደን «በቃኝ» ስንል እኮ በቅቶን አይደለም። ባለቤቷም ታውቃለች፤ «በሞቴ» ብላ ትጨምራለች። ሁለቱም የቃሉን ትርጉም ስለሚያውቁ ማንም ሳይራብ ያድራል። ያ ረዳት አብራሪ «ቅድሚያ» ሲል፣ ትንሽ ብታስገድዱኝ ኖሮ እነግራችሁ ነበር የሚል እንግዳ ይመስለኛል። በኒው ዮርክ ማማ ላይ የነበረው ሰው ግን «በሞቴ» ባይ አልነበረም፤ ብዙ አይሮፕላን የሚያስተናግድ፣ ቃልን በቃልነቱ የሚወስድ ሠራተኛ ነበር። ይሉኝታን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ እናቴ ያሳደገችኝ በእርሱ ነው። ለገበታ የተሠራ ነገር ግን ለራዲዮ አይሆንም።

ከዚህ በኋላም፣ በ1989 ዓ.ም. ኅዳር 3 ቀን ሁለት አይሮፕላኖች በሕንድ ሰማይ ላይ ተጋጭተው 349 ሰዎች አልቀዋል፤ የቋንቋ ድካም ከተወሱት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ኋላ ላይ የእንግሊዝኛ ችሎታ በስድስት ደረጃ እንዲመዘን፣ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠሩ አብራሪና ተቆጣጣሪ ከአራተኛው ደረጃ እንዳያንሱ ደነገገ። መልካም ነው። ይሁን እንጂ በቴኔሪፍም፣ በኳላ ላምፑርም የጠፋው ሰዋስው አይደለም።

አንባቢዬ የቤይሩቱን ነገር ለምን ዘለልኸው ይለኝ ይሆናል። በጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. 90 ሰዎች ይዞ ባሕር ውስጥ ስለወደቀው አይሮፕላናችን የሊባኖስ መርማሪዎች የደረሱበትን መደምደሚያ አየር መንገዱ አልተቀበለውም፤ ክርክሩም ከራዲዮው ይልቅ በሌላ ነገር ላይ ነው። ሙታንን ለምሳሌ ያህል መጥቀስ አልፈለግሁም።

ይልቅ ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በራሳችን ሰማይ የሆነው ወደ ነገራችን ይቀርባል። ከካርቱም የመጣው የበረራ ቁጥር 343 አዲስ አበባ ሲደርስ መውረድ ሲገባው በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሆኖ አለፈ። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ተጣሩ፤ መልስ የለም። ዜና አውጪዎች እንደዘገቡት አብራሪዎቹን እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ መንደርደሪያውን ካለፉ በኋላ የመሣሪያው የማስጠንቀቂያ ደወል ቀሰቀሳቸው፤ ዞረውም በደኅና አረፉ። አየር መንገዱ በመግለጫው በረራው ከተቆጣጣሪዎች ጋር ለጊዜው ግንኙነቱ ተቋርጦ እንደነበረ ገልጿል። እዚህ ቢያንስ ዝምታው ዝምታ መሆኑ ታውቋል። የማማው ሰው የእረኛውን ሥርዓት ጠብቆ ስም ጠራ፤ ከማዶ መልስ አልመጣም፤ ስለዚህ እንደተሰማ አልቆጠረም፤ ደግሞ ጠራ። ከሐሰተኛ «እሺ» ይህ ይሻላል።

በአፍሪካ ሰማይ አብራሪዎች ይህን የእረኛ ልማድ በራሳቸው ፈቃድ ጭምር ይዘውታል። ከመሬት የሚመጣው መልስ በማይታመንበት ሰፊ አካባቢ 126.9 ሜጋኸርዝ በተባለው ሞገድ ላይ ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ በምን ከፍታ ወዴት እንደሚሄዱ በየጊዜው ለማንም ለሚሰማ ይናገራሉ። ተቆጣጣሪ ባይሰማ ጎረቤት አይሮፕላን ይሰማል። ማታ ከትምህርት ቤታችን ሜዳ ቆሜ በጭላሎ አናት ላይ ወደ ደቡብ የምትሄድ ብልጭ ብልጭ የምትል መብራት ሳይ፣ ያ ሰው አሁን በጨለማው ውስጥ ስሙንና ቦታውን እየተናገረ ይሆናል እላለሁ።

ባለፈው ዓርብ ደግሞ ወዳጄን አገኘሁት። አለቃው አሁንም በኮሪደሩ ሲያልፉ «ይህን ፋይል ሮቤ ላክልኝ» አሉት። እርሱም ተነሥቶ «ፋይሉን ወደ ሮቤ እልካለሁ፤ የቱ ሮቤ ነው ጌታዬ?» አለ። አለቃው ቆም ብለው በመነጽራቸው ላይ ተመለከቱት። «ከዚህ በፊት ከሠራኸው በኋላ ደግሞ ትጠይቀኛለህ? የአርሲው ነዋ!» አሉና ሁለት እርምጃ ሄዱ። ከዚያም ተመልሰው ፋይሉን ከእጁ ተቀብለው ገለጡት።

«የባሌው ነው» አሉ።